ሴፕቲክ ታንክና ማስረጊያ ስትመርጡ ከአፈሩ ጀምሩ፦ ለመኖሪያ ቤት ዝርዝር መመሪያ

ቤቱ ተሠርቶ ሁለት ክረምት ሳያልፍ ጉድጓዱ ይሞላል፣ ግቢው ይሸታል፣ የፍሳሽ ማንሻ መኪና በየሁለት ወሩ ይጠራል። ባለቤቱ የሚሰጠው ምክንያት ብዙ ጊዜ አንድ ነው፦ «ታንኩ አንሶ ነው፤ ሰፋ አድርጌ አሠራዋለሁ።» ሰፋ ተደርጎ ይሠራል፤ ትንሽ ዘግይቶ እንደገና ይሞላል።

ታንክ ውሃ አያጠፋም። በቀን 800 ሊትር ከገባበት፣ አንዴ ከሞላ በኋላ በቀን 800 ሊትር ይወጣዋል። የታንኩ ሥራ ዝቃጩን ወደ ታች ማስቀረት፣ ቅባቱን ከላይ መያዝና መሃል ላይ ያለውን ውሃ ማሳለፍ ብቻ ነው። ውሃውን የሚጠጣው አፈሩ ነው። ስለዚህ እዚህ የምሰጠው ቅደም ተከተል ከተለመደው የተገላቢጦሽ ነው፦ መጀመሪያ አፈሩ፣ ቀጥሎ ማስረጊያው (ከታንኩ የወጣውን ውሃ ወደ አፈሩ የሚያሰርገው ቦይ ወይም ጉድጓድ)፣ ታንኩ መጨረሻ።

## ከመጀመራችሁ በፊት

በሰፈራችሁ የፍሳሽ መስመር ማለፉን ጠይቁ። አዲስ አበባ ከሆናችሁ የውሃና ፍሳሽ ባለሥልጣን ቅርንጫፍ ጋ ሂዱ፤ በሌላ ከተማ ማዘጋጃ ቤቱን ወይም የውሃ አገልግሎቱን አነጋግሩ። መስመሩ ካለና ከፍታው ከተስማማ ከዋናው መስመር መቀጠል ይሻላል፤ ይህ መመሪያም አያስፈልጋችሁም። ከሌለ የግንባታ ፈቃዱ ላይ ስለ ፍሳሽ የተጻፈውን አንብቡ። በአካባቢያችሁ ደንብ የተቀመጠ ርቀት ወይም መጠን እዚህ ከምሰጠው የሚበልጥ ከሆነ ደንቡን ተከተሉ።

አንድ ነገር ከወዲሁ እንለይ። በድንጋይ ያለ ሲሚንቶ ተደርድሮ፣ ከታች አፈር ሆኖ፣ ከላይ የተሸፈነ ጉድጓድ በብዙ ሰፈር «ሴፕቲክ ታንክ» ይባላል። አይደለም። ያ የሚያሰርግ ጉድጓድ ነው፤ ዝቃጩም ቅባቱም በቀጥታ ወደ አፈሩ ስለሚገባ የአፈሩን ቀዳዳዎች ይደፍናል። ሴፕቲክ ታንክ ጠብታ የማያፈስ ሳጥን ነው። ማስረጊያው ከእሱ በኋላ ለብቻው ይሠራል። ሁለቱም ያስፈልጋሉ።

ማስጠንቀቂያ፦ ፍሳሽ ወደያዘ ወይም ይዞ ወደነበረ ጉድጓድ ማንም አይግባ። ሃይድሮጂን ሰልፋይድ የሚባለው ጋዝ መጠኑ ሲበዛ የማሽተት አቅምን ስለሚያደነዝዝ «አይሸትም» ብሎ መተማመን አይቻልም። አንድ ሰው ሲወድቅ ሊያወጣው የገባው ሁለተኛው ሰውም አብሮ ይሞታል። ስልክ፣ ባልዲ ወይም መሣሪያ ቢወድቅባችሁ እዚያው ይቅር። ሰው ከወደቀ ሳትገቡ እርዳታ ጥሩ። ክዳኑ ሲከፈት እሳትና ሲጋራ አይቅረብ፤ ሚቴን ይቀጣጠላል።

## ደረጃ 1፦ ሰውና ውሃ ቁጠሩ

ዛሬ ያለውን ቤተሰብ ብቻ አትቁጠሩ። ሰርቪስ ቤቱን ልታከራዩ ካሰባችሁ ተከራዮቹን፣ የቤት ሠራተኛዋን፣ ጥበቃውን፣ ከክፍለ ሀገር መጥተው የሚሰነብቱትን ዘመዶች አስገቡ። ወደፊት ፎቅ የሚጨመር ከሆነ አሁኑኑ ይታሰብ፤ ማስረጊያን በኋላ ማስፋት ከባድ ነው።

ውሃ የሚለቅ ሽንት ቤት፣ ሻወርና ልብስ ማጠቢያ ላለው ቤት ለአንድ ሰው በቀን 100 ሊትር ያዙ። የውሃ ሂሳብ ካላችሁ ከአሥራ ሁለቱ ወራት ከፍተኛውን ውሰዱ፤ ሜትር ኪዩቡን በ1000 አባዙና በ30 ቀን አካፍሉ። 24 ሜትር ኪዩብ ከሆነ በቀን 800 ሊትር ነው።

ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ግን አማካዩ ያታልላል። ውሃው በመጣበት ቀን የሳምንቱ ልብስ ሁሉ ይታጠባል፣ ቤቱ ይወለወላል፣ ሁሉም ሰውነቱን ይታጠባል። የሦስት ቀን ፍሳሽ በአንድ ቀን ይወርድና ታንኩ ውስጥ የረጋውን ዝቃጭ በጥብጦ ወደ ማስረጊያው ይገፋዋል። ለዚህ ነው ደረጃ 5 ላይ ውሃው በታንኩ ውስጥ ሁለት ቀን እንዲቆይ አድርጌ የማሰላው።

ለምሳሌ የምንይዘው ቤት 8 ሰው፣ በቀን 800 ሊትር የሚጠቀም ይሁን።

## ደረጃ 2፦ ቦታውን በወረቀት ላይ አስቀምጡ

የግቢያችሁን ንድፍ ሥሩ። ቤቱን፣ አጥሩን፣ ዛፎቹን፣ የናንተንም የጎረቤትንም የውሃ ጉድጓድ፣ የመሬቱን ተዳፋት አመልክቱ። ከዚያ እነዚህን ርቀቶች ጠብቁ፦

- ከማስረጊያ እስከ ማንኛውም የሚጠጣ ውሃ ጉድጓድ ቢያንስ 30 ሜትር፣ ከታንክ ቢያንስ 15 ሜትር፤ ጉድጓዱም ከማስረጊያው በላይኛው ተዳፋት ይሁን።
- ከማስረጊያ እስከ ቤት መሠረት ቢያንስ 3 ሜትር፣ ከአጥርም በተቻለ መጠን ያንኑ ያህል።
- ከትልልቅ ዛፎች ራቁ። ባሕር ዛፍና ዋርካ ሥራቸውን ወደ ውሃ ስለሚልኩ የተበሳውን ቱቦ ይሞሉታል።

200 ካሬ ሜትር ግቢ ውስጥ 30 ሜትር አይገኝም፤ አውቃለሁ። ስለዚህ በግቢያችሁ ወይም በአጥሩ ማዶ የሚጠጣ የጉድጓድ ውሃ ካለ ምርጫው ሁለት ነው፦ ጉድጓዱን ለመጠጥ መጠቀም ማቆም፣ ወይም ማስረጊያውን ትቶ ፍሳሹን በዝግ ማጠራቀሚያ መያዝ። እንደ ሐዋሳ ባሉ ከተሞች ብዙ ግቢ ውስጥ በእጅ የተቆፈረ ጉድጓድ ስላለ ጎረቤትን ሳትጠይቁ አትወስኑ።

የፍሳሽ ማንሻ መኪናውንም አስቡ። መኪናው የሚቆምበትን ቦታ ምልክት አድርጉና እስከ ታንኩ ክዳን ያለውን ርቀት ለኩ፤ አገልግሎቱን የሚሰጠውን ሰው የቱቦው ርዝመት ስንት እንደሆነ ጠይቁ። ከቤቱ ጀርባ፣ ቱቦ የማይደርስበት ጥግ ላይ የተቀበረ ታንክ በባልዲ ነው የሚጠረገው።

## ደረጃ 3፦ አፈሩን ፈትኑ

ጊዜያችሁን እዚህ አውሉት። ከዚህ በኋላ ያለው ሥራ ሁሉ በዚህ ደረጃ ውጤት ላይ ይቆማል።

### ሀ. መመልከቻ ጉድጓድ

ማስረጊያው በሚሆንበት ቦታ 2.5 ሜትር ጥልቀት ቆፍሩ። አፈሩ ከመናድ ካልተደገፈ ከ1.2 ሜትር በታች ሰው አያስገቡ፤ የወጣውን አፈርም ከጠርዙ ቢያንስ 1 ሜትር አርቁ። ሦስት ነገር እዩ።

የመጀመሪያው የአፈሩ ዓይነት ነው። እርጥብ አፈር ወስዳችሁ በመዳፋችሁ እንደ ክር አንከባልሉት። ሳይበጠስ ቀጭን ክር ከሆነና ሲጠቀለል ቀለበት ከሠራ ሸክላነቱ ብዙ ነው፤ ውሃ ቀስ ብሎ ነው የሚያሳልፈው። ሁለተኛው ቀለሙ ነው። በጎኑ ላይ ግራጫና የዝገት ቀለም ነጠብጣብ ካያችሁ፣ ዛሬ ደረቅ ቢሆንም የክረምት ውሃ እዚያ ድረስ ይወጣል ማለት ነው። ሦስተኛው ድንጋይ ነው። ከማስረጊያው ወለል በታች እስከ ከርሰ ምድር ውሃ ወይም እስከ ስንጥቅ አለት 1.5 ሜትር አፈር ሊኖር ይገባል። አፈሩ ነው የሚያጣራው፤ አፈር ከሌለ ፍሳሹ እንዳለ የከርሰ ምድር ውሃ ውስጥ ይገባል።

### ለ. የማስረግ ፍጥነት

1. የማስረጊያው ቦይ በሚቆፈርበት ጥልቀት፣ ወርዳቸው 30 ሴ.ሜ. የሆነ ሦስት ጉድጓዶች ቆፍሩ፤ አራርቋቸው።
2. አካፋ የሸክላ አፈርን ይለስነዋል። ጎኑን በምስማር ጫሩና የወደቀውን አፈር አውጡ።
3. ወለሉ ላይ 5 ሴ.ሜ. ጠጠር አድርጉ።
4. 30 ሴ.ሜ. ውሃ ሙሉና ቢያንስ ለ4 ሰዓት እየጨመራችሁ አቆዩት፤ ከዚያ እስከ ማግስቱ ተዉት።
5. በማግስቱ ከጠጠሩ በላይ 15 ሴ.ሜ. ውሃ አድርጉ። በየ30 ደቂቃው ስንት ሴ.ሜ. እንደወረደ ጽፋችሁ ወደ 15 ሴ.ሜ. መልሱት። ይህን ለ4 ሰዓት ቀጥሉ።
6. የመጨረሻዋን 30 ደቂቃ ልኬት ውሰዱ። 3 ሴ.ሜ. ከወረደ 30 ለ3 ሲካፈል፣ ለአንድ ሴ.ሜ. 10 ደቂቃ ነው።
7. ከሦስቱ ጉድጓዶች በጣም የዘገየውን ተጠቀሙ።

አንድ ካሬ ሜትር አፈር በቀን የሚቀበለውን ከዚህ አንብቡ፦

- ለ1 ሴ.ሜ. ከግማሽ ደቂቃ በታች፦ በጣም ፈጣን ነው፤ ፍሳሹ ሳይጣራ ያልፋል። ቦታ ቀይሩ።
- ከግማሽ እስከ 2 ደቂቃ፦ 50 ሊትር
- ከ2 እስከ 6 ደቂቃ፦ 33 ሊትር
- ከ6 እስከ 12 ደቂቃ፦ 25 ሊትር
- ከ12 እስከ 24 ደቂቃ፦ 18 ሊትር
- ከ24 ደቂቃ በላይ፦ የተለመደው ማስረጊያ አይሠራም።

እነዚህ ቁጥሮች ንጹሕ ውሃ ከሚሰርግበት ፍጥነት በጣም ያነሱ ናቸው፤ ሆን ተብሎ ነው። ፍሳሽ በአፈሩ ፊት ላይ ቀጭን ዝልግልግ ንጣፍ ይፈጥራል፤ ከጥቂት ወራት በኋላ ውሃው የሚያልፈው በዚያ በኩል ነው።

### ሐ. ጥቁር አፈር

ከአቃቂ እስከ ቦሌ ባለው ዝቅተኛ ሜዳና በብዙ የደጋ ሜዳዎች ያለው ጥቁር አፈር በበጋ ይሰነጠቃል፣ በክረምት አብጦ ይዘጋል። በሚያዝያ ውሃ ሲፈስበት ስንጥቁ ውስጥ ይጠፋል። «ይህ መሬት በደንብ ይጠጣል» ተብሎ የተሠራ ማስረጊያ ሐምሌ ላይ ውሃውን ወደ ቤት ሲመልስ አይቻለሁ፤ ባለቤቶቹ አዲስ ምንጣፍ ላይ ቆመው ውሃ ይቀዱ ነበር። በጥቁር አፈር ላይ ከሆናችሁ ፈተናውን በነሐሴ አድርጉት፤ መጠበቅ ካልቻላችሁ ጉድጓዱን ሦስት ቀን ሙሉ ውሃ አጠጡትና ከዚያ ለኩ።

ውጤቱ ከ24 ደቂቃ በላይ ከሆነ እነዚህን በቅደም ተከተል ሞክሩ፦

መጀመሪያ ጥቁሩ አፈር ምን ያህል ውፍረት እንዳለው እዩ። አንዳንድ ቦታ አንድ ሜትር ተኩል ብቻ ሆኖ ከሥሩ የፈረሰ ድንጋይ ወይም ቀላ ያለ አፈር ይገኛል። ውሃ የሚቀበለው ያ ንብርብር ከሆነና ከርሰ ምድር ውሃው ሩቅ ከሆነ፣ እዚያ ድረስ የሚወርድ ማስረጊያ ጉድጓድ ይሠራል። ፈተናውን ግን በዚያ ጥልቀት ድገሙት፤ የጉድጓዱንም ስፋት ስታሰሉ የጥቁሩን አፈር ጎን አትቁጠሩ።

ያ ካልሆነ ከመሬት በላይ ከአሸዋ የሚሠራ ከፍ ያለ ማስረጊያ አለ፤ ፓምፕና የመሐንዲስ ንድፍ ይፈልጋል።

ሁለቱም ካልሆኑ የሚቀረው ዝግ ማጠራቀሚያ ነው። ከመወሰናችሁ በፊት አስሉ፦ 10 ሜትር ኪዩብ ማጠራቀሚያ በቀን 800 ሊትር ከገባበት በ12 ቀን ይሞላል። የሽንት ቤቱን ፍሳሽ ብቻ አስገብታችሁ የመታጠቢያውን ውሃ ለዛፍ ብታውሉት ይረዝማል። የማስጠረጊያውን ዋጋ በዓመት አባዙት፤ ይህን አይቶ ሌላ ቦታ ለመፈለግ የሚወስን ሰው ውሳኔው ትክክል ነው።

## ደረጃ 4፦ ማስረጊያውን ምረጡ

የእኛ ቤት አፈር ለአንድ ሴ.ሜ. 10 ደቂቃ ወሰደ እንበል፤ 25 ሊትር ማለት ነው። 800 ለ25 ሲካፈል 32 ካሬ ሜትር አፈር ያስፈልገናል። ወለሉ ቶሎ ስለሚደፈን እኔ የምቆጥረው ጎኑን ብቻ ነው።

ቦይ። 60 ሴ.ሜ. ወርድ፣ ከቱቦው በታች 60 ሴ.ሜ. ጠጠር። ሁለቱ ጎኖች ሲደመሩ በአንድ ሜትር ርዝመት 1.2 ካሬ ሜትር ይሆናል። 32 ለ1.2 ሲካፈል ወደ 27 ሜትር ነው፤ 9 ሜትር የሆኑ ሦስት ቦዮች። በመካከላቸው 2 ሜትር ያልተነካ አፈር ይቅር።

ጉድጓድ። ቦታ ከጠበበ ወርዱ 2 ሜትር፣ ከመግቢያው ቱቦ በታች 2.6 ሜትር ጥልቀት ያለው ክብ ጉድጓድ 16.3 ካሬ ሜትር ጎን ይሰጣል። ሁለቱ 32.6 ይሆናሉ። ጠርዝ ለጠርዝ ቢያንስ 4 ሜትር አራርቋቸው። ጎኑ ያለ ሲሚንቶ በድንጋይ ይደረደራል፤ የላይኛው ግማሽ ሜትር ብቻ በሲሚንቶ ይታሰራል።

ቦታ እያለ ጉድጓድ አትምረጡ። ቦይ ጥልቀቱ አነስተኛ ስለሆነ አየር ያገኛል፣ ከከርሰ ምድር ውሃም ይርቃል።

### ዕቃዎቹ

*ጠጠር።* ከ2 እስከ 6 ሴ.ሜ.፣ ጠንካራና የታጠበ። ለኮንክሪት የሚመጣው ደቃቅ ጠጠር ከነአቧራው ሲገባ ቦዩን ከመጀመሪያው ቀን ይደፍነዋል። አንድ ጭብጥ ጠጠር በብርጭቆ ውሃ አድርጋችሁ አናውጡት፤ ሲረጋ ከታች ከ3 ሚሊ ሜትር በላይ ጭቃ ከተቀመጠ አጥባችሁ ተጠቀሙ ወይም መልሱት። በጣት ሲጫኑት የሚፈረፈር ድንጋይ አትግዙ።

*ቱቦ።* 110 ሚሊ ሜትር ፒቪሲ። የተበሳ ካላገኛችሁ ራሳችሁ ብሱት፦ ወርዳቸው 1 ሴ.ሜ. የሆኑ ቀዳዳዎች በየ10 ሴ.ሜ. በሁለት መስመር። ቀዳዳዎቹ ወደ ታች ግራና ቀኝ ያጋድሉ እንጂ ወደ ላይ አይሁኑ። በመጋዝ መሰንጠቅ አያስፈልግም፤ ስንጥቁ ቶሎ ይዘጋል። የቱቦው መጨረሻ በክዳን ይዘጋ።

*ማከፋፈያ ሳጥን።* ከታንኩ የሚወጣውን ውሃ ለሦስቱ ቦዮች እኩል የሚያካፍል ትንሽ የኮንክሪት ሳጥን ነው። የመውጫ ቱቦዎቹ ከፍታ በ1 ሴ.ሜ. ቢለያይ አንዱ ቦይ ሁሉንም ተሸክሞ ይሞታል፣ ሁለቱ ደርቀው ይቀመጣሉ። በውሃ ልክ አስተካክሉ፤ ከዚያ ውሃ አፍስሳችሁ በዓይናችሁ አረጋግጡ። ክዳኑን በቀላሉ እንዲከፈት አድርጉ።

*ሽፋን።* ከጠጠሩ በላይ አፈሩ እንዳይገባ ጂኦቴክስታይል ጨርቅ አንጥፉ። ከሌለ 10 ሴ.ሜ. ጭድ ይበቃል፤ ጭዱ እስኪበሰብስ አፈሩ ይጠነክራል። ፕላስቲክ ላስቲክ ግን አታልብሱት፤ አየር ይከለክላል።

## ደረጃ 5፦ የታንኩን መጠን አውጡ

ሁለት ቁጥር ደምሩ።

- የውሃው ቦታ፦ 800 ሊትር ለሁለት ቀን፣ 1600 ሊትር።
- የዝቃጩ ቦታ፦ የሽንት ቤትም የመታጠቢያም ፍሳሽ ለሚገባበት ታንክ ለአንድ ሰው በዓመት 40 ሊትር። 8 ሰው፣ በየ3 ዓመቱ የሚጠረግ፦ 8 × 40 × 3 = 960 ሊትር።

ድምሩ 2560 ሊትር ነው፤ ወደ 3 ሜትር ኪዩብ ከፍ አድርጉት። በውስጥ ልኬት 1.1 ሜትር ወርድ፣ 2.4 ሜትር ርዝመት፣ 1.2 ሜትር የውሃ ጥልቀት 3.17 ሜትር ኪዩብ ይሰጣል። ከውሃው በላይ 30 ሴ.ሜ. ባዶ ቦታ ጨምሩ። ርዝመቱ የወርዱ ሁለት እስከ ሦስት እጥፍ ይሁን፤ ክብና ጥልቅ ከሆነ ውሃው ሳይረጋ ከመግቢያ ወደ መውጫ ይሻገራል።

ታንኩን ለሁለት ክፈሉት፦ የመጀመሪያው ክፍል ሁለት ሦስተኛ፣ 1.6 ሜትር ርዝመት፤ ሁለተኛው 80 ሴ.ሜ.። የመካከለኛው ግድግዳ ውፍረት በዚህ ውስጥ አልተቆጠረም።

ተሠርቶ የሚሸጥ ታንክ ስትገዙ «3000 ሊትር» የተባለው እስከ አፉ ነው ወይስ እስከ መውጫ ቱቦው ብላችሁ ጠይቁ። የሚሠራው እስከ መውጫው ያለው ብቻ ነው።

## ደረጃ 6፦ የታንኩን ዓይነት ምረጡ

ብረት የገባበት ኮንክሪት በሁሉም አፈር የምመርጠው ነው፤ በጥቁር አፈር ላይ ደግሞ ከግንብ ጋር ልታወዳድሩት አይገባም። የፌሮውን አጣጣል ለመሐንዲስ ስጡ።

የድንጋይ ግንብ በማይንቀሳቀስ ቀይ አፈር ላይ ይሠራል፤ ግን ውስጡ በሁለት ዙር ይለሰን፣ ማዕዘኖቹም ክብ ይደረጉ። አንድ ሲሚንቶ ለሦስት አሸዋ፣ ውሃ የማያሳልፍ ድብልቅ ተጨምሮበት።

ብሎኬት አትጠቀሙ። ውስጡ ባዶ ስለሆነ ያሰርጋል፤ የአፈሩንም ግፊት አይችልም።

ፕላስቲክና ፋይበር ግላስ ለሴፕቲክ ተብሎ የተሠራ ከሆነ ጥሩ ነው፦ ጎኑ ሽንሽን ያለው፣ የሚቀበርበት ጥልቀት ተጽፎ የሚመጣ። በተለምዶ «ሮቶ» የምንለውን የውሃ ታንከር አትቅበሩ። ከውስጥ ወደ ውጭ የሚገፋ ውሃ እንዲይዝ እንጂ ከውጭ ወደ ውስጥ የሚገፋ አፈር እንዲሸከም አልተሠራም፤ ሲጠረግ ወደ ውስጥ ይጨመደዳል።

ከርሰ ምድር ውሃ ቅርብ በሆነባቸው ቦታዎች፣ ለምሳሌ በጣና ወይም በሐዋሳ ሐይቅ ዳር፣ ቀላል ታንክ ይንሳፈፋል። 3000 ሊትር የሚይዝ ባዶ ታንክ ዙሪያው በውሃ ከተሞላ ወደ 3 ቶን በሚጠጋ ኃይል ወደ ላይ ይገፋል። ከኮንክሪት ወለል ጋር በቀበቶ ይታሰር፤ በክረምትም ፈጽሞ ባዶ አታድርጉት።

## ደረጃ 7፦ የታንኩ የውስጥ ዕቃዎች

ዋጋቸው ትንሽ ነው፤ ሠራተኛው ብዙ ጊዜ የሚዘላቸውም እነዚህን ነው።

የመግቢያው ቱቦ ከመውጫው 7 ሴ.ሜ. ከፍ ይበል። በሁለቱም ጫፍ ላይ «ቲ» (እንደ T ፊደል ሦስት አፍ ያለው የቱቦ መገጣጠሚያ) ይገጠም፤ የመግቢያው እግር ከውሃው ወለል በታች 30 ሴ.ሜ.፣ የመውጫው 48 ሴ.ሜ. ይውረድ። የላይኛው አፋቸው ክፍት ሆኖ ከውሃው በላይ 15 ሴ.ሜ. ይቁም። የመውጫው «ቲ» ከሌለ ተንሳፋፊው ቅባት በቀጥታ ወደ ማስረጊያ ይሄዳል፤ ማስረጊያ በአንድ ዓመት ሲሞት መጀመሪያ የማየው ይህን ነው።

በመካከለኛው ግድግዳ ላይ ከውሃው ወለል 50 ሴ.ሜ. ዝቅ ብሎ 15 በ15 ሴ.ሜ. የሆኑ ሁለት ቀዳዳዎች ይተዉ፤ ከላይም ለአየር 15 ሴ.ሜ. ክፍተት። ለእያንዳንዱ ክፍል በ«ቲ»ዎቹ ትይዩ 60 ሴ.ሜ. ክዳን አድርጉ፤ ክዳኑ ሕፃን የማያነሳው ይሁን። የአየር ማስወጫ ቱቦውን ከጣሪያ በላይ አውጡት።

ለወጥ ቤቱ ከታንኩ በፊት የቅባት ማጥመጃ ማንሆል ሥሩ። ቅቤና ዘይት፣ የቡና አተላ፣ የሊጥ ውሃ ታንኩን ያለጊዜው ይሞሉታል።

## ደረጃ 8፦ ሥሩ፣ ሞክሩ፣ ከዚያ ሸፍኑ

1. ከቤት ወደ ታንክ የሚሄደውን ቱቦ በሜትር 2 ሴ.ሜ. አዘቅዝቁ። በሚታጠፍበት ሁሉ ማንሆል ይኑር።
2. ታንኩን ሥሩ፤ ኮንክሪቱን ለ7 ቀን ውሃ አጠጡት።
3. እስከ መውጫው ንጹሕ ውሃ ሙሉና 24 ሰዓት ጠብቁ፤ ግድግዳው የጠጣውን መልሳችሁ ሙሉና ምልክት አድርጉ። በቀጣዮቹ 24 ሰዓታት እንደገና ከወረደ ያፈሳል። የወረደበት ከፍታ ላይ ስንጥቁን ፈልጉ፤ ውሃውን አውጥታችሁ ልስኑት፤ ፈተናውን ድገሙት። ሳይሞከር አይሸፈን።
4. የፕላስቲክ ታንክ ከሆነ ዙሪያውን በ30 ሴ.ሜ. ንብርብር በአሸዋ ስትሞሉ ውስጡንም በእኩል ከፍታ ውሃ ሙሉ። ትልልቅ ድንጋይ አይግባ። በጥቁር አፈር ውስጥ የወጣውን አፈር አትመልሱት፤ ዙሪያውን በገረጋንቲ ሙሉ።
5. ቦዮቹን አፈሩ እርጥብ ሳለ አትቆፍሩ። ጎኑን በሬክ ጫሩ፤ ወለሉን አትርገጡ። ወለሉም ቱቦውም በውሃ ልክ ይስተካከል።
6. ጠጠር፣ ቱቦ፣ 5 ሴ.ሜ. ጠጠር፣ ጨርቅ ወይም ጭድ፣ 30 ሴ.ሜ. አፈር። አፈሩ ስለሚቀመጥ ትንሽ ጉብ አድርጉት፤ ሣር ዝሩበት።

በማስረጊያው ላይ መኪና አይቁም፣ ምንጣፍ ድንጋይ አይነጠፍ። የጣሪያ ውሃ ወደ ታንኩም ወደ ማስረጊያውም አይግባ፤ 100 ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ የወረደ 10 ሚሊ ሜትር ዝናብ 1000 ሊትር ነው፤ ከቤታችሁ የአንድ ቀን ፍሳሽ ይበልጣል።

ውጭ አገር ሆናችሁ የምታሠሩ ከሆነ ክፍያውን በሦስት ቦታ ያዙ፦ የአፈሩ ፈተና ልኬት ሲላክላችሁ፣ የ24 ሰዓቱ የውሃ ሙከራ ምልክቱ በሜትር እየታየ በቪዲዮ ሲላክ፣ ማከፋፈያ ሳጥኑ ውሃውን ለሦስት ሲያካፍል ስታዩ። ከተሸፈነ በኋላ የሚላክ ፎቶ ምንም አያሳይም።

## ሲበላሽ

መኪና ከመጥራታችሁ በፊት የታንኩን ክዳን ከፍታችሁ ከሩቅ የውሃውን ከፍታ እዩ።

ቤት ውስጥ ውሃ ተመልሷል፣ ታንኩ ግን በመደበኛ ከፍታው ላይ ነው። ችግሩ ከቤት እስከ ታንክ ያለው ቱቦ ወይም የመግቢያው «ቲ» ነው። ከማንሆሉ በኩል ጥረጉት።

ውሃው ከመውጫው ቱቦ በላይ ቆሟል። የማከፋፈያ ሳጥኑን ክፈቱ። ሳጥኑ ደረቅ ከሆነ በመካከል ያለው ቱቦ ወይም የመውጫው «ቲ» ተደፍኗል። ሳጥኑም ከሞላ ማስረጊያው አልቀበልም ብሏል፤ ታንኩን ብታስጠርጉ ሁለት ሦስት ቀን ብቻ ነው የምታገኙት። ውሃ ቀንሱ፣ የጣሪያ ውሃ ገብቶ እንደሆነ ፈትሹ፣ ከዚያም አንዱን ቦይ ከሳጥኑ ላይ ዘግታችሁ ለብዙ ወራት አሳርፉት፤ ሲደርቅ የደፈነው ንጣፍ ይበሰብሳል። ሦስቱም ከሞሉ አዲስ ቦይ መቆፈር ነው፤ ስለዚህ ነው በንድፉ ላይ የመጀመሪያውን ያህል ባዶ ቦታ ለመጠባበቂያ ማስቀረት የሚገባችሁ።

ውሃው ከመውጫው በታች ነው። ታንኩ ያፈሳል። «ይኸው ዓመት ሙሉ ሳይሞላ» ብላችሁ አትደሰቱ፤ ሳይጣራ ወደ ከርሰ ምድር እየገባ ነው።

አንዱ ቦይ ላይ ብቻ ሣሩ አረንጓዴ ሆኖ መሬቱ ረጥቧል። ማከፋፈያ ሳጥኑ አጋድሏል። መውጫዎቹን እንደገና በውሃ ልክ አስተካክሉ።

ሽታ አለ፣ ውሃው ግን በትክክል ይሄዳል። የአየር ማስወጫውን አፍና የክዳኖቹን ጠርዝ ፈትሹ።

በረኪና በብዛት፣ ናፍጣ፣ እርሾም ሆነ «ዝቃጭ የሚያጠፋ» የሚባል ዱቄት አትጨምሩ፤ ጤናማ ታንክ የሚያስፈልገውን ባክቴሪያ ከፍሳሹ ራሱ ያገኛል።

በዓመት አንድ ጊዜ ረጅም እንጨት ላይ ነጭ ጨርቅ ጠቅልላችሁ ከመውጫው አጠገብ እስከ ወለሉ አስገቡት፤ ጥቁር ሆኖ የወጣው ክፍል የዝቃጩ ውፍረት ነው። ዝቃጩና ተንሳፋፊው ቅባት አንድ ላይ ከውሃው ጥልቀት አንድ ሦስተኛ፣ በእኛ ታንክ 40 ሴ.ሜ.፣ ሲደርሱ አስጠርጉ። ልኬቱንና ቀኑን በክዳኑ ውስጠኛ ገጽ ላይ ሳይሆን ቤት ውስጥ፣ ከግቢው ንድፍ ጋር በአንድ ወረቀት ላይ ጻፉት።